ለለስላሳ ቅብ የሚስማማ የቀለም መርጫ እንዴት ይመረጣል?

በካፋ ዞን በአብዛኛው የዓመቱ ክፍል ዝናብ ስለማይለይ አየሩ እርጥበት አዘል ነው። ይህ እርጥበት በኮምፕሬሰር ታምቆ ሲቀዘቅዝ ውኃ ይሆናል፤ ከቀለም ጋር ሲረጭም በበርና በቁም ሣጥን ቅብ ላይ ነጠብጣብና እብጠት ይፈጥራል። የተበላሸው ተፍቆ እንደገና ሲቀባ ወጪው እጥፍ ይሆናል።

ስለሆነም በቦንጋና በአካባቢዋ የሚገኙ የእንጨትና የብረት ሥራ ባለሙያዎች መርጫ ሲገዙ የውኃ ማጣሪያ አብረው ሊገጥሙ ይገባል። ለቫርኒሽና ለማጠናቀቂያ ቀለም የአፍንጫው ቀዳዳ ከ1.3 እስከ 1.4 ሚሊ ሜትር፣ ወፈር ላለው የመጀመሪያ ቅብ ደግሞ ከ1.7 እስከ 2 ሚሊ ሜትር ቢሆን ይመረጣል። መርጫው በደቂቃ የሚፈልገው አየር ከኮምፕሬሰሩ አቅም ከበለጠ ቅቡ እንደ ብርቱካን ልጣጭ ይሻክራል።

በኮምፕሬሰሩ ታንከር ሥር የተጠራቀመውን ውኃ በየቀኑ ማፍሰስም አይዘንጋ።