እግር የተወው፣ ጆሮ ያቆየው

ዜማውን ያውቁታል። በካርቱን ፊልም አይጥና ድመት ሲሯሯጡ ሰምተውታል፤ በማስታወቂያ ሰምተውታል፤ ስልክ ደውለው «እባክዎ ይጠብቁ» ሲባሉም ሳይሰሙት አልቀሩም። ስሙን ቢጠየቁ ግን «ያ እንኳ... ታ-ራ-ራም የሚለው» ብለው በአፍዎ ማዜም ይቀልዎታል።

«ምርጥ የክላሲካል ሙዚቃዎች» ወይም «100 ተወዳጅ ክላሲካሎች» የሚል ርዕስ ያላቸውን ስብስቦች ከፍተው ዝርዝሩን ቢያዩ አንድ ነገር ዓይንዎ ውስጥ ይገባል። ብዙው ጭፈራ ነው! የስትራውስ ዋልትዝ፣ የብራምስ የሃንጋሪ ዳንስ፣ የድቮርዣክ የስላቭ ዳንስ፣ የካቻቱሪያን የጎራዴ ዳንስ፣ ከቻይኮቭስኪ ባሌት የተቀነጨቡ ውዝዋዜዎች። ቁጭ ብሎ፣ እጅን አጣጥፎ፣ ሳልን ውጦ ይደመጣል በሚባለው የሙዚቃ ዓለም ደጃፍ ላይ ቆሞ እንግዳ የሚቀበለው ለእግር የተሠራ ዜማ ነው።

ለመሆኑ እነዚህ ጭፈራዎች እዚህ ዝርዝር ውስጥ እንዴት ገቡ? ሲገቡስ ከበር ላይ ምን ትተው ገቡ? የሁለተኛው ጥያቄ መልስ ብዙ ጊዜ የሰው ስም ነው። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ሸክላው የመረጣቸው

በመጀመሪያ ነገሩ የጣዕም ብቻ ሳይሆን የቦታም ጉዳይ ነበር። በደቂቃ 78 ጊዜ የሚሽከረከረው የድሮው ሸክላ በአንድ ገጹ የሚይዘው ከሦስት እስከ አራት ደቂቃ ተኩል ያህል ነው። በ1913 የበርሊን ፊልሃርሞኒክ በአርተር ኒኪሽ መሪነት የቤትሆቨንን አምስተኛ ሲምፎኒ ሲቀዳ ሥራው ስምንት የሸክላ ገጽ ፈጀ። አድማጭ ማለት እንግዲህ በየአራት ደቂቃው እየተነሣ ሸክላ የሚገለብጥ ሰው ነበር። የሃንጋሪ ዳንስ ግን አንድ ገጽ ላይ ገብቶ ጭራሽ ቦታ ይተርፈዋል። የሸክላ ነጋዴ የትኛውን እንደሚመርጥ መገመት አያቅትም።

እንዲያውም ታሪኩ ከዚያም ይቀድማል። በታኅሣሥ 1889 የኤዲሰን ወኪል የነበረው ቴዎ ዋንገማን ከሰም የተሠራ ሲሊንደር ይዞ ቪየና ውስጥ ከዮሃንስ ብራምስ ፊት ቆመ። ያ ጢማሙ፣ ኮስታራው፣ አራት ሲምፎኒ የጻፈው ሰው ፒያኖው ላይ ተቀምጦ ምን ተጫወተ? ከራሱ የሃንጋሪ ዳንስ ቁጥር 1 ጥቂት፣ ቀጥሎም ከዮዜፍ ስትራውስ አንድ ፖልካ-ማዙርካ። ሁለቱም ጭፈራ! ድምፁ ዛሬ በጫጫታ ተውጧል፤ ፒያኖው ከሩቅ፣ ከዝናብ ጀርባ እንደሚመጣ ድምፅ ነው። ቢሆንም ከታላላቆቹ የሙዚቃ ደራሲያን ከአንዱ እጅ ከተቀዱት ድምፆች ሁሉ ቀደምት ከሚባሉት አንዱ ነው።

ሸክላ ከመስፋፋቱ በፊትም ቢሆን ደራሲዎቹ ራሳቸው ይህንን ያውቁ ነበር። ቻይኮቭስኪ የ«ነትክራከር» ባሌት ገና መድረክ ሳያይ፣ በ1892 መጀመሪያ ላይ፣ ከውስጡ አጫጭር ዳንሶችን መርጦ በአንድ አሰናድቶ ለኮንሰርት አቀረባቸው። ባሌቱ የታየው በዚያው ዓመት መጨረሻ ነው። ስብስቡ ሙሉውን ሥራ ቀደመ ማለት ነው።

«ዜማ፦ የሕዝብ»

አሁን ወደ ስሙ ጉዳይ እንግባ። ከስብስቦች የማይጠፋው የሃንጋሪ ዳንስ ቁጥር 5 ነው። ሽፋኑ ላይ «ብራምስ» ይላል። እውነቱ ግን ትንሽ ጠመዝማዛ ነው።

ብራምስ በወጣትነቱ ኤድዋርድ ሬሜኒ ከሚባል ሃንጋሪያዊ ቫዮሊን ተጫዋች ጋር ከከተማ ከተማ እየዞረ ፒያኖ ይመታ ነበር። የሃንጋሪን ዜማ የቀመሰው ያኔ ነው። በ1869 የመጀመሪያዎቹን 10 የሃንጋሪ ዳንሶች ለሁለት ሰው በአንድ ፒያኖ እንዲሆኑ አድርጎ አሳተመ፤ በ1880 ሌሎች 11 ጨመረ። ሁሉም በአንድ ላይ 21 ናቸው። ገበያው ደራ።

ቁጥር 5ን ብራምስ የባህል ዜማ ነው ብሎ ነበር የወሰደው። ዜማው ግን ባለቤት ነበረው። ኬለር ቤላ የተባለ የሙዚቃ ደራሲና የባንድ መሪ የጻፈው ቻርዳሽ ነው። ርዕሱም የትውልድ ከተማውን የሚያስታውስ ነው፤ ወደ እኛ ቢመለስ «የባርትፋ ትዝታ» እንደ ማለት ነው። የሞተው በ1882 ስለሆነ ዳንሶቹ ታትመው ሲወጡ ሰውዬው በሕይወት ነበር። የራሱ ትዝታ በሌላ ሰው ስም ዓለምን ሲዞር የማየት ዕድል ገጠመው፤ ዕድል ከተባለ።

ብራምስን ሌባ ማለት ፍርደ ገምድልነት ነው። ሥራዎቹን «ደረስኳቸው» ሳይሆን «አቀናበርኳቸው» ብሎ ነው ያወጣቸው፤ ለራሱ ድርሰቶች የሚሰጠውን ተራ ቁጥር እንኳ አልሰጣቸውም። ስሙን ያገዘፈው፣ ማብራሪያውን ያጠፋው ከሱ በኋላ የመጣው ገበያ ነው። ሌላም አለ። ብራምስ ለኦርኬስትራ ያዘጋጀው ቁጥር 1፣ 3 እና 10ን ብቻ ነው። ስለዚህ ቁጥር 5ን በኦርኬስትራ ሲሰሙ ዜማው የኬለር፣ የፒያኖ ቅንብሩ የብራምስ፣ የኦርኬስትራ ቅንብሩ ደግሞ የሌላ ሦስተኛ ሰው ነው። ብዙ ጊዜ ማርቲን ሽሜሊንግ የሚባል። ሽፋኑ ላይ የሚወጣው ግን አንድ ስም ነው።

ይህ ነገር ለኛ እንግዳ አይደለም። በካሴት ሽፋን ላይ «ግጥምና ዜማ፦ የሕዝብ» የሚለውን ጽሑፍ እያነበብን ነው ያደግነው። አንዳንዱ በእውነት የሕዝብ ነው። አንዳንዱ ግን ስሙን የሚጠይቅለት ያጣ አንድ ሰው ሥራ ሊሆን ይችላል። «ሕዝብ» የሚለው ቃል ክብር ሆኖ ሳለ አንዳንዴ መቃብርም ይሆናል።

ሦስት መቶ ማርክ

ብራምስን ያበለጸገው ሲምሮክ የተባለው የበርሊን አሳታሚ በ1878 ደግሞ ወደ አንቶኒን ድቮርዣክ ዞረ። ጥቆማውን የሰጠው ራሱ ብራምስ ነው። የሥጋ ቆራጭና የመጠጥ ቤት ባለቤት ልጅ የሆነው ቼካዊ ስምንት የስላቭ ዳንሶችን ጻፈ። የተከፈለው 300 ማርክ ነበር፤ አንዴ ተከፍሎ ያለቀ። ዳንሶቹ በአውሮፓ ሲቸበቸቡ ሲምሮክ ሁለተኛውን ክፍል ጠየቀ። በ1886 ድቮርዣክ ሲሰጠው ዋጋው 3,000 ማርክ ደርሷል። አሥር እጥፍ! ሰውዬው የዘፈኑን ብቻ ሳይሆን የገበያውንም ምት ተምሯል።

ድቮርዣክ ከብራምስ የሚለይበት ነገር አለ፤ የሰው ዜማ አልወሰደም። የወሰደው የጭፈራውን ምት ብቻ ነው፤ ዜማው የራሱ ነው። ከመጀመሪያው ክፍል ቁጥር 1ን እና ቁጥር 8ን ያድምጡ። ሁለቱም ፉሪያንት የሚባለው የቼክ ጭፈራ ናቸው። ስድስት ፈጣን ምት ይቁጠሩ፤ አንዴ ሁለት-ሁለት እየሆነ ይሄዳል፣ አንዴ ሦስት-ሦስት እየሆነ ይመለሳል። እግር «በየትኛው ልርገጥ?» ብሎ ይደናገራል። በቺክቺካ ያደገ ጆሮ ግን አይደናገርም። የኛም ቺክቺካ ስድስቱን ምት በሁለትም በሦስትም ከፍሎ የሚያጫውት ነውና። ክላሲካል «ለኛ አይሆንም» የሚል ወዳጅ ካለዎት በዚህ ይጀምሩለት።

ስሙ ከሥራው ጋር የቀረለት ሰው ምን እንደሚያገኝ ማየት ከፈለጉ ደግሞ ዴንማርካዊው ያኮብ ጋዴ አለ። በ1925 ኮፐንሃገን ሲኒማ ቤት ውስጥ ለድምፅ አልባ ፊልም ማጀቢያ «ዠሉዚ» የሚል ታንጎ ጻፈ፤ ቅናት ማለት ነው። በ1935 አርተር ፊድለር የሚመራው ቦስተን ፖፕስ ኦርኬስትራ በሸክላ አስቀዳው፤ ሽያጩም ከሚሊዮን አለፈ። ጋዴ ከዚያ በኋላ የኖረው ከዚሁ ዜማ በሚያገኘው ገቢ ነው። ከሞተ በኋላም ገቢው ለወጣት ሙዚቀኞች መደገፊያ ሆነ። ኬለር ስሙን አጣ፣ ድቮርዣክ የመጀመሪያውን ዙር በርካሽ ሸጠ፣ ጋዴ ግን ስሙም ድርሻውም ከሥራው ጋር ተጣብቆ ቆየለት። ሦስቱም የጻፉት የጥቂት ደቂቃ ጭፈራ ነው።

የዳኑብ ውኃ ምን ያህል ሰማያዊ ነው?

ከሁሉ የታወቀው የዮሃን ስትራውስ ልጅ «ሰማያዊው ዳኑብ» ነው። ዛሬ የደስታ ምልክት ነው፤ የተወለደው ግን በሽንፈት ማግስት ነው። በ1866 ኦስትሪያ በፕሩሲያ ጦር ተደቆሰች። በየካቲት 1867 ቪየና ውስጥ ዋልትዙ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲሰማ በወንዶች መዘምራን የሚዘፈን ነበር፤ ግጥሙም ያዘነውን የከተማ ሰው በቀልድ ለማጽናናት የተጻፈ። ዓለምን ያዳረሰው ግን ግጥሙን ጥሎ በኦርኬስትራ ብቻ፣ በዚያው ዓመት በፓሪስ ዓለም አቀፍ ኤግዚቢሽን ከተደመጠ በኋላ ነው።

በየዓመቱ ጥር አንድ ቀን የቪየና ፊልሃርሞኒክ የሚያቀርበው ኮንሰርት በዚህ ዋልትዝ እና በአባትየው የራዴትስኪ ማርሽ ይዘጋል። ቅጂውም ወዲያው በአልበም ይወጣል። አበባው፣ ወርቃማው አዳራሽ፣ ጭብጨባው... ልብ ይሞላል። ይሁን እንጂ ይህ ልማድ የተጀመረው በ1939 የመጨረሻ ቀን፣ በናዚ ዘመን ነው። ኦርኬስትራው አይሁድ አባላቱን ካባረረ ሁለት ዓመት እንኳ አልሞላውም ነበር፤ የመጀመሪያው ኮንሰርት ገቢም ለናዚ የጦርነት ዘመን መዋጮ ነው የዋለው። የሚያስገርመው ደግሞ የስትራውስ ቅድመ አያት የተጠመቀ አይሁዳዊ መሆኑ ነው። ባለሥልጣናቱ ይህን ሲያውቁ ሙዚቃውን አልከለከሉም፤ የትውልድ ሐረጉን የሚያሳየውን የቤተ ክርስቲያን የጋብቻ መዝገብ ሰወሩት እንጂ። ጭፈራውን ፈልገው ስሙን ፈሩት። ኦርኬስትራው በ2013 በታሪክ ምሁራን የተጠናውን የናዚ ዘመን ታሪኩን ለሕዝብ ይፋ አድርጓል፤ ይህ ሊነገርለት ይገባል።

ዋልትዙን አልሰማም ማለት መፍትሔ አይደለም። ስትራውስ በ1899 ሞቷል፤ በኋላ በስሙ ለተሠራው ተጠያቂ አይደለም። ዋልትዙን ያገነኑትም ሁሉ ቀላል ሰዎች አልነበሩም፤ ያው ኮስታራው ብራምስ ከአድናቂዎቹ አንዱ ነበር። ማወቅ ግን ጆሮን ይሞርደዋል። ዋልትዙ ከመጀመሩ በፊት ያለውን ያንን ዝግታ፣ ቫዮሊኖቹ የሚንቀጠቀጡበትን መግቢያ በጥሞና ቢሰሙት ከደስታው ሥር የተኛ ሌላ ነገር አለ።

ሁለት ደቂቃ ተኩል

የአራም ካቻቱሪያን የጎራዴ ዳንስ ሁለት ደቂቃ ተኩል ገደማ ነው። «ጋያኔ» የሚለው ባሌት በታኅሣሥ 1942 ሲታይ፣ የሌኒንግራዱ የኪሮቭ ባሌት ከከበባው ሸሽቶ ኡራል ተራሮች አካባቢ፣ ፔርም ከተማ ውስጥ ነበር። ዳንሱ በመጨረሻው ሰዓት በጥድፊያ የተጨመረ ነው። በ1948 አሜሪካ ውስጥ በየቡና ቤቱ የሙዚቃ ማጫወቻ ሲንቆረቆር፣ በዚያው ዓመት የሶቪየት ኮሚኒስት ፓርቲ ደራሲውን ከሾስታኮቪች እና ከፕሮኮፊየቭ ጋር ደርቦ በይፋ አወገዘው። ሲምፎኒዎች፣ ኮንቸርቶዎች፣ ሙሉ ባሌቶች ጽፎ ሳለ ዓለም የሚያውቀው በዚያች ሁለት ደቂቃ ተኩል ብቻ መሆኑ ኋላ ላይ ያበሳጨው ነበር ይባላል። ስም መጥፋት አንድ ነገር ነው፤ ስም በአንድ ዘፈን ታስሮ መቅረት ሌላ።

ታዲያ ስብስቡን እንጣለው?

በፍጹም! ብዙ ሰው ወደዚህ ሙዚቃ የገባው በዚሁ በር ነው፤ በር ደግሞ አይናቅም። ጥፋቱ በሩ ላይ ቆሞ መቅረት ነው። የስላቭ ዳንስ ቁጥር 8 ከጣመዎት ስምንቱንም በተከታታይ ይስሟቸው፤ ከአንድ ሰዓት በታች ነው፤ ኀዘኑና ጭፈራው እንዴት እንደሚፈራረቁ ያኔ ይገባዎታል። የጎራዴው ዳንስ ካስዘለለዎት ከዚያው ባሌት ውስጥ ዝግተኛውን፣ አዳጂዮውን ይፈልጉ፤ አንድ ሰው የጻፋቸው አይመስሉም።

ዝርዝሩ ላይ ደግሞ ከትልቁ ስም ሥር ያለውን ትንሹን ጽሑፍ ያንብቡ። «ቅንብር» የሚል ካለ የማን እንደሆነ ይዩ። የሃንጋሪ ዳንስ ቁጥር 5 ጋ ሲደርሱም አንድ ስም ይፈልጉ። «ኬለር ቤላ» የሚል ካገኙ ጥሩ ስብስብ ነው የያዙት። ካላገኙም ዜማውን ለልጅዎ ሲያሰሙ ስሙን በአፍዎ ይንገሩት።