የአውሮፓ ቤተ መንግሥቶችን ያሳመነው ‘የአፄ ያዕቆብ ልጅ’

ዛሬ በሞያሌ በኩል ወደ ኬንያ የሚሻገር መንገደኛ ማንነቱን የሚያስረዳው በሰነድ ነው። በ17ኛው ክፍለ ዘመን ግን ከአገሩ ርቆ “ልዑል ነኝ” የሚል ሰው የሚይዘው የአማኞቹን የድጋፍ ደብዳቤ ብቻ ነበር።

ጸጋ ክርስቶስ የተባለው ወጣት በ1632 (እአአ) ካይሮ ሲደርስ የአፄ ያዕቆብ ልጅና የዙፋኑ ወራሽ መሆኑን ተናገረ። ያዕቆብ በ1607 ከሱስንዮስ ጋር በጎል ሲዋጉ የተገደሉ ንጉሥ ናቸው። ተመራማሪዎች የወጣቱን ልደት በ1616 ገደማ ያደርጉታል፤ ‘አባቱ’ ከሞቱ ዘጠኝ ዓመት ገደማ በኋላ መሆኑ ነው።

ይህን ቀላል ስሌት የሚሠራ ግን እምብዛም አልነበረም። በኢየሩሳሌም የፍራንሲስካውያን መነኮሳት ተቀበሉት፤ ካቶሊክም ሆነ። ወቅቱም ረድቶታል። በዚያው በ1632 ሱስንዮስ ካቶሊክነትን የመንግሥት ሃይማኖት ማድረጋቸውን ትተው ዙፋኑን ለልጃቸው ለፋሲለደስ ለቀቁ፤ አዲሱ ንጉሥም ኢየሱሳውያንን አባረሩ። ኢትዮጵያ ከእጇ ያመለጠቻት ሮም እንዲህ ያለ ወራሽ ያስፈልጋት ነበር፤ የማታለሉ ብልሃት ከተናጋሪው ይልቅ በአድማጮቹ ጉጉት ውስጥ የነበረ ይመስላል።

ከሮም ወደ ቱሪን ተሻገረ፤ በዚያም በ1635 ሠዓሊዋ ጆቫና ጋርዞኒ ትንሽ ምስሉን ሣለችው። በዚያው ዓመት የጉዞ ታሪኩ ፓሪስ ውስጥ በመጽሐፍ ታተመ። የሚጠራጠሩት ቢኖሩም ‘ልዑልነቱ’ አልተገፈፈም። በ1638 ፓሪስ አቅራቢያ በምትገኘው ሩኤይ፣ በወጣትነቱ ሞተ።