ከሰማይ በመጣ እሳት የተፈጠረ፣ በሰው እጅ የተጠረበ መስታወት

በምዕራብ ግብፅ፣ ከሊቢያ ድንበር አጠገብ በተንጣለለው ታላቁ የአሸዋ ባሕር ቢጫማ መስታወት ተበትኖ ይገኛል። ከ29 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ከጠፈር የመጣ አካል ያስከተለው ሙቀት አሸዋውን አቅልጦ ፈጠረው። ሰዎች የፈለጉት ለውበቱ ብቻ ነው የሚሉ ወገኖች ከመስታወቱ ተቀርጾ በግብፁ ፈርዖን በቱታንክሃሙን የደረት ጌጥ ላይ የተቀመጠውን ጥንዚዛ ይጠቅሳሉ። ነገር ግን ከፈርዖኖቹ ብዙ ሺህ ዓመታት ቀደም ብሎ የበረሃው ሰዎች ከዚሁ መስታወት ስለታም መሣሪያ ሠርተዋል። መስታወቱ ሥርዓት ያለው የክሪስታል አደራደር ስለሌለው ጠራቢው አመታቱን ካወቀበት በፈለገው መልክ ይፈለጣል፤ ጠርዙም እንደ ምላጭ ስለታም ይሆናል። በእኛ ስምጥ ሸለቆ፣ ጋደሞታ ላይ፣ የእሳተ ገሞራ መስታወት የሆነው ባልጩት የተጠረበውም በዚሁ ጠባዩ ነው።

«ከጠፈር የመጣ ነገር ከመታው ጉድጓዱ የታለ?» የሚል ጥያቄ ይነሣል። በእርግጥ የተረጋገጠ ጉድጓድ አልተገኘም፤ ስለዚህም አንዳንዶች አካሉ አየር ላይ ፈንድቷል ይላሉ። ይሁንና እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመ ጥናት፣ በመስታወቱ ውስጥ ባሉ ዚርኮን የተባለ ማዕድን ቅንጣቶች ላይ እጅግ ከፍተኛ ግፊት የሚፈጥረውን የማዕድን አሻራ አግኝቷል፤ የአየር ላይ ፍንዳታ ደግሞ ያን ያህል ግፊት አይፈጥርም። ያም ሆነ ይህ፣ ጠራቢዎቹ የመስታወቱን ምንጭ ሳያውቁ ጠባዩን ጠንቅቀው ያውቁ ነበር፤ ይህም ዕውቀት ተብሎ ሊከበር ይገባዋል።