ጡረታ፣ መንገድና የቤት አገልግሎት

ባለፈው ዓመት በግንቦት ወር፣ ከሶዶ ከተማ ወጣ ብላ በምትገኝ አንዲት ቀበሌ፣ በቁጠባ ማኅበር ስብሰባ ላይ ተገኝቼ ነበር። የማኅበሩ የገንዘብ ሣጥን እንደ ደንቡ ሦስት ቁልፎች ተንጠልጥለውበታል። መክፈቻዎቹ በሦስት ሰዎች እጅ ይያዛሉ፤ ሣጥኑም የሚከፈተው አባላቱ በተቀመጡበት ብቻ ነው። ከሦስቱ ቁልፍ ያዦች አንዱ በጡረታ ላይ ያሉ መምህር ናቸው። ሴት ልጃቸው በአዲስ አበባ ወልዳ ስለነበር ሊጠይቋት ከሄዱ ሦስተኛ ሳምንታቸው ነበር። መክፈቻውም በኮታቸው ኪስ ውስጥ አብሯቸው ሄዷል።

ግንቦት በወላይታ ምን ዓይነት ወር እንደሆነ ለአገሩ ሰው መናገር አያስፈልግም። ማሳው ሁሉ ለምለም ነው፤ በቆሎው ግን ገና አልደረሰም። በጎተራ የነበረውም አልቋል። በ2000 ዓ.ም. «አረንጓዴ ረሃብ» የተባለው ችግር በአካባቢያችን በደረሰ ጊዜ ከሩቅ የመጡ እንግዶች ልምላሜውን እያዩ ረሃብ መኖሩን ለማመን ተቸግረው ነበር። እንግዲህ በእንዲህ ያለ ወር የቁጠባ ሣጥን ሲዘጋ ምን እንደሚሆን አስቡ። አንዲት እናት ልጇን ለማሳከም 1,500 ብር ብድር ጠይቃ ለሁለት ሳምንት ጠበቀች። በሦስተኛው ሳምንት በጓን ለነጋዴ በርካሽ ሸጠች። የየሳምንቱም መዋጮ ከደንቡ ውጭ በገንዘብ ያዥዋ ቤት በመሐረብ ታስሮ ተቀምጦ አገኘሁት።

ወዲያውኑ ለመምህሩ ስልክ ደወልኩ። «ልጄ፣ ቁልፉን ነገ በሶዶ መኪና እልካለሁ፤ መምጣቱን ግን አሁን አትጠይቀኝ። ሠላሳ ሦስት ዓመት ሳስተምር የገዛ ልጆቼን ሲያድጉ አላየሁም፤ ይህችን እንኳ ልያት» አሉኝ። እኔም «ይቆዩ፣ መምህር፤ ጥፋቱ የእኛ ነው» ብዬ ስልኩን ዘጋሁ። ይህን ያልኩት ለይሉኝታ አልነበረም። ሲሄዱ ማን ይተካዎታል ብሎ የጠየቃቸው ሰው ከመካከላችን አልነበረም። ይህን ጽሑፍ ለማዘጋጀት ያነሣሣኝም ይኸው ነው። በአጥቢያዎቻችንና በፕሮጀክቶቻችን ከሚያገለግሉት በጎ ፈቃደኞች ብዙዎቹ ጡረተኞች ናቸው። ጡረተኛ ደግሞ መንገደኛ ነው።

በመጀመሪያ ስለ ጡረታው ራሱ ጥቂት ማስረዳት ይገባል፤ በአጥቢያ ስብሰባዎች ላይ የተሳሳተ ነገር ሲነገር ብዙ ጊዜ ሰምቻለሁና። በአገራችን የመንግሥት ሠራተኞች ጡረታ በአዋጅ ቁጥር 1267/2014፣ የግል ድርጅት ሠራተኞች ደግሞ በአዋጅ ቁጥር 1268/2014 ይመራል። ከደመወዝ ላይ ሠራተኛው 7 በመቶ፣ አሠሪው 11 በመቶ ያዋጣሉ። መደበኛው የጡረታ መውጫ ዕድሜ ለወንድም ለሴትም 60 ዓመት ነው። ሆኖም 25 ዓመት ያገለገለ የመንግሥት ሠራተኛ 60 ሊሞላው አምስት ዓመት ሲቀረው፣ ማለትም ከ55 ዓመቱ ጀምሮ፣ በራሱ ጥያቄ ጡረታ ሊወጣ ይችላል። በየትምህርት ቤቱና በየጤና ጣቢያው «ገና ጠንካራ ሆነው ለምን ወጡ?» የሚባሉት በዚህ መንገድ የወጡ ናቸው።

ክፍያው የሚሰላው በመጨረሻዎቹ ሦስት ዓመታት አማካይ ደመወዝ ላይ ተመሥርቶ ነው። ለመጀመሪያዎቹ 10 የአገልግሎት ዓመታት 30 በመቶ፣ ከዚያ በላይ ላለው ለእያንዳንዱ ዓመት 1.25 በመቶ ይታሰባል፤ ጠቅላላውም ከ70 በመቶ አይበልጥም። አማካይ ደመወዛቸው 9,000 ብር የነበረ፣ በ55 ዓመታቸው 30 ዓመት አገልግለው የወጡ ሲስተር 55 በመቶ፣ ይኸውም በወር 4,950 ብር ያገኛሉ። እስከ 60 ዓመታቸው ቢቆዩ 35 ዓመት ስለሚሆን 61.25 በመቶ፣ ደመወዙ ሳይጨምር እንኳ 5,512 ብር ከ50 ሳንቲም ይሆን ነበር። በጡረታው ላይ የሚታየው ልዩነት 562 ብር ከ50 ሳንቲም ብቻ ስለሆነ ትንሽ ይመስላል። የአምስት ዓመት ደመወዝና የደመወዝ ጭማሪ መቅረቱ ግን አብሮ መታሰብ አለበት። ስለዚህ «ለማገልገል ብዬ ቶሎ ልውጣ» የሚል ወገን ሲያማክረን ቸኩለን «አሜን» አንበል። ልጆቹ ትምህርት ጨርሰዋልን? የሚያርሰው መሬት አለውን? ብለን እንጠይቅ። በ55 ዓመቱ የወጣ ሰው በ57 ዓመቱ ችግር ላይ ወድቆ ከቤተ ክርስቲያን ብድር ሲለምን አይቻለሁ።

ለመንገደኛ የሚመቸው ግን ጡረታው በባንክ መግባቱ ነው። ገንዘቡን ሶዶም አርባ ምንጭም አዲስ አበባም ማውጣት ይቻላል።

ስለ መንገዱ ደግሞ እንነጋገር። በአሜሪካና በካናዳ ብዙ ጡረተኞች አልጋና ማድ ቤት የተገጠመለት መኪና ገዝተው፣ ክረምቱን ሞቃት አገር፣ በጋውን ሌላ አገር እያሳለፉ ይዞራሉ። ከእነርሱም መካከል እግረ መንገዳቸውን የሚያገለግሉ አሉ። እ.ኤ.አ. በ1976 የተመሠረተው ሀቢታት ፎር ሂውማኒቲ የተባለው ቤት ሠሪ ድርጅት፣ በዚህ ዓይነት መኪና የሚጓዙ በጎ ፈቃደኞችን የሚያሰማራ «ኬር ኤ ቫነርስ» የተባለ ፕሮግራም ነበረው። መንገደኞቹ ወደ ሥራው ቦታ መጥተው፣ በመኪናቸው እያደሩ፣ ለጥቂት ሳምንታት ሚስማር ሲመቱና ቀለም ሲቀቡ ቆይተው ወደሚቀጥለው ይሄዳሉ። ጥሩ ዘዴ ነው። የእነዚያ ሰዎች ጥያቄ «በመንገድ ላይ ሳለሁ እንዴት ላገልግል?» የሚል ነው። የእኛ ጥያቄ ለየት ይላል።

የእኛ ጡረተኛ የሚጓዘው በቅጥቅጥ ወይም በሚኒባስ ነው፤ የሚያድረውም በልጆቹ ቤት ነው። ሶዶ የመንገዶች መገናኛ ናት። ከመናኸሪያዋ በሻሸመኔ ወደ ሐዋሳ፣ በሆሳዕና ወደ አዲስ አበባ፣ በስተደቡብ ወደ አርባ ምንጭና ወደ ሳውላ፣ በስተምዕራብ ወደ ዳውሮ ይኬዳል። ወላይታ ሕዝቡ የበዛበት፣ መሬቱ የጠበበበት አገር ስለሆነ ልጆቻችን በአራቱም አቅጣጫ ተበትነዋል። አያትና ቅድመ አያት የሆነ ሰው ልጆቹን ሁሉ አንዳንድ ወር ልጎብኝ ቢል ዓመቱ አለቀ ማለት ነው።

ደግሞም መንገድ ለወላይታ ክርስቲያን አዲስ ነገር አይደለም። በጣሊያን ወረራ ጊዜ፣ በ1929 ዓ.ም. የኤስ.አይ.ኤም. ሚስዮናውያን ከሶዶ ሲወጡ፣ በወላይታ የነበሩት የተጠመቁ አማኞች 48 ነበሩ። ከወረራው በኋላ ሲመለሱ ቁጥሩ ወደ 10,000 ደርሶ አገኙት። ከዚያ በኋላም የወላይታ ወንጌላውያን ወደ ጋሞ፣ ወደ ጎፋ፣ ወደ ዳውሮ፣ ወደ አሪ ተሻግረዋል። ቤት የቀሩት ምእመናን እህልና ገንዘብ ያዋጡላቸው ነበር። እዚህ ላይ ልብ ማለት የሚገባን ነገር አለ፤ ያን ጊዜ ሰው ሲሄድ ቤተ ክርስቲያን ያውቅ ነበር። ማን እንደሚሄድ፣ ማን ቤቱን እንደሚያይለት በጉባኤ ይነገራል። ዛሬ ግን ሰው በማለዳ መናኸሪያ ገብቶ መሄዱ የሚታወቀው እሑድ ወንበሩ ባዶ ሲሆን ነው። (ዕድሩ ግን አይረሳም! ሳያስፈቅድ የሄደን ሰው ቀብር በቀረ ቁጥር ይቀጣዋል። አንዳንድ ጊዜ ዕድር ከኮሚቴዎቻችን ይልቅ በሥርዓት የሚመራ ይመስለኛል።)

ከዚያ ከግንቦቱ ነገር በኋላ፣ በአንዱ አጥቢያ ጡረታ ላይ ያሉትን ወገኖች ሰብስበን አንድ ቀላል ጥያቄ ጠየቅን፤ «በዓመቱ ውስጥ ቤት የሚሆኑት በየትኞቹ ወራት ነው?» ብዙዎቹ ይህን ተጠይቀው እንደማያውቁ ነገሩን። ሁልጊዜ የተጠየቁት «ኮሚቴ ይሆናሉ ወይ?» ተብለው ነው፤ ሽማግሌ ደግሞ ለቤተ ክርስቲያን እንቢ ማለት ይከብደዋል። አንዲት ጡረተኛ ነርስ አራት ኮሚቴ ውስጥ ነበሩ። ደመወዝተኛ ሳሉ እንዲህ ሠርተው እንደማያውቁ በሳቅ አጫወቱን፤ ሳቁ ግን ድካም ነበረበት።

መልሶቻቸውን በወር በወር ስንጽፍ ወራቱ ራሳቸው መንገዱን አሳዩን። ከመጋቢት እስከ ሐምሌ መጀመሪያ ያለው ጊዜ የእጥረት ወቅት ነው፤ የቁጠባ ማኅበራት፣ የሕፃናት ምግብና የዘር ሥራዎች በጣም ሰው የሚፈልጉት ያን ጊዜ ነው። በመስከረም ጊፋታ ሲደርስ ልጆች ራሳቸው ወደ ቤት ስለሚመጡ አባትና እናት መሄድ አያስፈልጋቸውም። ዝናቡ ሲያቆም ደግሞ በቆላው ወባ ይበረታል፤ ስለዚህ በሁምቦና በአባያ አካባቢ ያሉ የጤና ባለሙያዎች እስከ ኅዳር አጋማሽ ቢቆዩ መልካም ነው። ከኅዳር አጋማሽ እስከ የካቲት ግን እህል ገብቷል፤ መንገዱም ደረቅ ነው። ለጉዞ ከዚህ የተሻለ ጊዜ የለም። ልጅ መውለድና ሐዘን በቀጠሮ አይመጡምና ይህ ሕግ ሊሆን አይችልም፤ አብዛኛው ጉዞ ግን በቀጠሮ ሊሆን የሚችል ሆኖ አግኝተነዋል።

ለፕሮጀክት ሠራተኞች ጥቂት ነገር ልጨምር። ለአንድ ኃላፊነት ሁለት ሰው መድቡ፤ ሁለተኛው ደግሞ ጡረተኛ ሳይሆን ወጣት ቢሆን ይሻላል። ርክክቡ በቃል አይሁን፤ መክፈቻ፣ መዝገብ፣ ማኅተም በአንድ ወረቀት ተጽፎ ይፈረምበት። ለስብሰባ የሚመጡበትን የባጃጅና የሚኒባስ ሒሳብ ሳይጠየቅ ክፈሉ፤ 4,950 ብር በወር ለሚያገኝ ሰው በሳምንት ሁለት ጊዜ ተሳፍሮ መምጣት ከዘይትና ከበርበሬ የሚቀነስ ገንዘብ ነው። መንገደኛውም የደም ግፊት ወይም የስኳር መድኃኒት የሚወስድ ከሆነ የሚቆይበትን ጊዜ የሚያዳርስ ይዞ እንዲሄድ አስታውሱት። ተመልሶ ሲመጣ ደግሞ ያየውን ጠይቁት። አንድ አባት ከሐዋሳ ሲመለሱ በዚያ ያዩትን የጓሮ አትክልት አያያዝ ለሴቶች ቡድን አሳይተዋል፤ የትኛውም ሥልጠናችን ያን ያህል ፈጥኖ በሥራ አልዋለም።

ሳልጠቅሳቸው የማላልፋቸው ሁለት ወገኖች አሉ። አንደኛዋ የጡረተኛው ባለቤት ናት። እርሱ ከሥራ ሲያርፍ የእርሷ ሥራ ይጨምራል እንጂ አይቀንስም፤ እንሰቱን የምትፍቀው፣ ላሟን የምታየው፣ እርሱ በየኮሚቴው ሲዞር እንግዳ የምትቀበለው እርሷ ናት። ወደ ልጆቿ ቤት ስትሄድም የሚጠብቃት አራስ መጠየቅና ሕፃን ማዘል ነው። ስለዚህ የወራቱን ጥያቄ ስንጠይቅ ባልና ሚስትን አንድ ላይ ማስቀመጥ ጀምረናል። መልሱም ብዙ ጊዜ ተለውጧል።

ሁለተኛዎቹ በቤተ ክርስቲያን ሲያገለግሉ ያረጁ ወንጌላውያን ናቸው። በ2003ቱ የግል ድርጅት ሠራተኞች የጡረታ አዋጅ የሃይማኖት ድርጅት ሠራተኞች የሚታቀፉት በፈቃዳቸው ነበር፤ ያልተመዘገበላቸው ብዙዎች ዛሬ የጡረታ ደብተር የላቸውም። መንገዱን ሁሉ በእግራቸው ሄደው፣ አሁን ልጃቸውን ለማየት የመሳፈሪያ የሚያጡ አሉ። እያንዳንዱ አጥቢያ ስለ ወጣት አገልጋዮቹ በአቅራቢያው ወዳለው የጡረታ ጽሕፈት ቤት ሄዶ እንዲጠይቅ፣ ለሽማግሌዎቹ ደግሞ የመሳፈሪያ እንዲያስብላቸው በዚህ አጋጣሚ እለምናለሁ።

መምህሩ ዘንድሮ ወደ አዲስ አበባ የሄዱት ኅዳር 18 ቀን ነው። ከሁለት ሳምንት በፊት መክፈቻውን በማኅበሩ ፊት ለአንዲት የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨራሽ ወጣት አስረከቡ፤ ወረቀቱም ተፈረመ። ለየካቲት 20 እመለሳለሁ ብለው አስመዝግበዋል። እስከዚያ ድረስ ሣጥኑ በየሳምንቱ ዓርብ ይከፈታል፤ ባለፈው ዓርብ በነበርኩበት ጊዜ አራት ሰዎች ተበድረዋል፣ በጓን የሸጠችውም እናት ከአራቱ አንዷ ነበረች። ብድሩንም የወሰደችው ለግልገል መግዣ ነው።