መግቢያው ለምን ረዘመ?

«ይሄ ዘፈን መቼ ነው የሚጀምረው?» ይለኛል አንድ ጓደኛዬ፣ ሀውስ ሙዚቃ በከፈትኩ ቁጥር። ከበሮው ድም ድም ይላል፣ ጭብጨባ የሚመስል ድምፅ ይጨመርበታል፤ ዘፋኝ የለ፣ ዜማ የለ። ይሄኔ ስልኬን ነጥቆ ወደፊት ያሻግረዋል። እጁን ብለው ደስ ባለኝ።

ሀውስ ስሙን ያገኘው ፍራንኪ ነክልስ ያጫውትበት ከነበረው ዌርሃውስ የተባለ የቺካጎ ክለብ ነው ይባላል። ፍጥነቱ በደቂቃ 120 ምት ገደማ ነው። ይህን ያህል ካወቅን ይበቃናል፤ የኔ ጉዳይ ያ የሚሻገረው መግቢያ ነው።

ፕሮዲዩሰሩ መግቢያውን የሠራው ለዲጄው ነው። ምቱ አራት አራት እየተባለ ይቆጠራል፤ መግቢያው ለምሳሌ 32 ጊዜ አራት ቢሆን 128 ምት፣ በ120 ፍጥነት 64 ሰከንድ ይሆናል። በዚህች ጊዜ ዲጄው ፊተኛው ዘፈን ሳያልቅ አዲሱን ከሥሩ ያስገባል። አንዱ ጆሮው አዳራሹን፣ ሌላው ማዳመጫውን ይሰማል። ከበሮዎቹን ካገጣጠመ በኋላ የፊተኛውን ባስ ቀንሶ የአዲሱን ይከፍታል፤ ሁለት ባስ አብሮ ከጮኸ ትርፉ ጉርምርምታ ነው። ዜማም እንደዚሁ ከዜማ ጋር ይጣላል። መግቢያው ባዶ የሆነው ለዚህ ነው።

ቀላል የመሰለው ይሞክረው። ቦሌ አካባቢ ባለች ትንሽ ባር የሚያጫውት ወዳጄ፣ ሰው ሳይገባ በፊት ማዳመጫውን ሰጠኝ። ፍጥነቱን የሚያሳየውን ስክሪን በሶፍት ሸፍኖ «በጆሮህ!» አለኝ። ሃያ ሰከንድ ሳይሞላ ከበሮዎቹ ተለያዩ። ሁለት ሰው ባንድ ሙቀጫ ሲወቅጥ ተራው ተዛንፎ ዘነዘናዎቹ ሲጋጩ ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? እንደዚያ ነው። አስተናጋጇ ሳትቀር ዞራ አየችኝ።

ጆሮ እስኪለምድ ጊዜ ይፈልጋል፤ በሦስት ወር ስሜ ካልተጠራ ለሚል ጀማሪ የማነሣለት ሰው ደቡብ አፍሪካዊው ዲጄ ብላክ ኮፊ ነው። እ.ኤ.አ. በ1990 የማንዴላን መፈታት ለማክበር ወጥቶ ሳለ መኪና ሕዝቡ ላይ ወጣ፤ የ13 ዓመቱ ልጅ ግራ እጁ ሽባ ሆነ። እሱ ግን ጃዝ ተማረ፣ በ2003 ኬፕታውን በተካሄደው የሬድ ቡል ሙዚቃ አካዳሚ ተሳተፈ፣ በ2005 የመጀመሪያ አልበሙን አወጣ። እዚያ ውስጥ የአገሩን ሙዚቀኛ የሂዩ ማሴኬላን «ስቲሜላ» በሀውስ ምት እንደገና ሠርቶታል። ግራሚ ያገኘው በ2022 ነው፣ በ46 ዓመቱ።

ሲያጫውት እዩት። ግራ እጁ ብዙውን ጊዜ ኪሱ ውስጥ ነው። ሌላው ዲጄ ባንድ እጁ ድምፁን እየከፈተ በሌላው ባሱን ይቆርጣል፤ እሱ ግን ሁሉንም ባንድ እጅ፣ ተራ በተራ ነው የሚነካው። መጀመሪያ ይከፍታል፣ ቀጥሎ ይቆርጣል። የሚጨፍረው ሰው መቼ ከዘፈን ወደ ዘፈን እንደተሻገረ አይነቃበትም።

ታዲያ በዚያች 64 ሰከንድ መሀል ስልኩን የዲጄው አፍንጫ ሥር ዘርግቶ «ወንድሜ፣ ይቺን ልቀቅልን» የሚል አይጠፋም፤ መጠጡን ሚክሰሩ ላይ የሚያስቀምጥም አይቻለሁ። ዘፋኙ እስኪገባ ጠብቁ፤ ያኔ ዲጄው ማዳመጫውን አንገቱ ላይ ያወርዳል፣ ያኔ ጠይቁት።