የሥራ ላይ አቀማመጥን በምን እንለካ?

ልብስ ስፌት ፋብሪካ ውስጥ ቀኑን ሙሉ መኪና ላይ አቀርቅራ የምትውል ሠራተኛ አንገቷንና ትከሻዋን ሲያማት «ሥራው ነው፣ ይለመዳል» ይባላል። ይህን አባባል አልቀበለውም። ሕመሙ ሳይጸና አደጋውን ከአቀማመጧ ማወቅ ይቻላል፤ የሚያስፈልገውም ወረቀት፣ እርሳስና አስተዋይ ዓይን ነው።

ከቀደሙት መለኪያዎች አንዱ ኦዋስ በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ኦቫኮ በተባለው የፊንላንድ ብረት አምራች ኩባንያ ተዘጋጀ። ተመልካቹ በየተወሰነ ጊዜ ሠራተኛውን እያየ የጀርባን፣ የክንድንና የእግርን ሁኔታ፣ የሸክሙንም ክብደት በቁጥር ይመዘግባል። ለመማር ቀላል ነው። ነገር ግን የእጅ አንጓን ጨርሶ አይመዝንም፤ ለሰፊዋ ይህ ትልቅ ጉድለት ነው።

ለእሷ የሚስማማው ተመራማሪዎቹ ማክአታምኒና ኮርሌት እ.ኤ.አ. በ1993 ያሳተሙት ሩላ ነው። አንገቷ ከ20 ዲግሪ በላይ ካቀረቀረ 3 ነጥብ ይያዝባታል። ክንዷ ከ20 እስከ 45 ዲግሪ ወደ ፊት ከተዘረጋ 2። ከአንድ ደቂቃ በላይ ሳትንቀሳቀስ ከቆየች፣ ወይም ያንኑ እንቅስቃሴ በደቂቃ 4 ጊዜና ከዚያ በላይ ከደጋገመች ሌላ 1 ይታከላል። እነዚህና ሌሎቹ ነጥቦች በሠንጠረዥ ተቀናጅተው ከ1 እስከ 7 ያለ ውጤት ይሰጣሉ፤ 7 ከመጣ ሥራው ዛሬውኑ ይስተካከል ማለት ነው።

እ.ኤ.አ. በ2000 የመጣው ሌላው መለኪያ ሬባ መላ ሰውነትን ስለሚያይ ታካሚ ለሚያነሡና ለሚያገላብጡ ነርሶች ይሻላል።

ሸክም ለማንሣት ደግሞ የአሜሪካው የሥራ ደኅንነትና ጤና ተቋም የናዮሽ ቀመር አለ። ሁሉ ነገር በተመቻቸበት ሁኔታ እንኳ ከ23 ኪሎ በላይ አይፈቅድም፤ ዕቃው ከሰውነት በራቀ ቁጥር ልኩ ይወርዳል። ቀመሩ የተሠራው በሁለት እጅ ለሚነሣ ዕቃ እንጂ በጀርባ ለሚሸከሙት አይደለም። 100 ኪሎ ኩንታል ለሚሸከም ሰው ግን ስሌት መጠበቅ አያስፈልግም።

የእነዚህ ሁሉ ድክመት ከውጭ የሚታየውን ብቻ መመዘናቸው ነው። ሩላን ስትሞሉ በፈረቃው መጨረሻ ሠራተኛዋን ራሷን ጠይቁ፤ የስዊድናዊው ቦርግ ከ6 እስከ 20 ያለው የድካም መለኪያ ለዚህ ይረዳል። የሥራ ደኅንነት ባለሙያዎች ሆይ፣ ነጥቡን መዝግባችሁ ፋይል ውስጥ አታስቀምጡት። ወንበሩንና ጠረጴዛውን አስተካክሉና እንደገና ለኩ።