የጉለሌ ብርድና የኤሊ ጫጩት

ቆላና ስምጥ ሸለቆ የለመደችው ባለ ነጠብጣብ ኤሊ (ያለ ፈቃድ ከዱር ማምጣት በሕግ ክልክል መሆኑን ልብ ይሏል) ጉለሌ ስትገባ ጫጩቷን ቀድሞ የሚጥላት ብርድ ነው። ሰውነቷ እንደ እኛ ራሱን አያሞቅም፤ ከበረዳት የበላችው አይፈጭላትም፤ ጎመን ብትደረድሩላት ምን ዋጋ አለው! እኛ ደግሞ ከእንጦጦ ሥር፣ ከ2,400 ሜትር በላይ ነን፤ ሐምሌና ነሐሴ ፀሐይ ብርቅ ናት። እናም ቀን ቀን የካርቶኗን አንድ ጥግ በአምፖል አሙቁላት፤ ሌላው ጥግ ቀዝቀዝ ይበል። ፀሐይ ስትወጣ ግን ግቢ ትውጣ፣ ጥላም ይኑራት። የመስኮት መስታወት ሙቀቱን እንጂ ለአጥንቷ የሚያስፈልጋትን ጨረር አያሳልፍም። ምግቧ ሣርና ቅጠል ነው፤ እንጀራና ሥጋ የሚያጎርሳት ሰው፣ በእኔ እምነት፣ በፍቅር ነው የሚገድላት። ጫጩት ቶሎ ውሃ ስለሚያልቅባት፣ አገጯን በማያልፍ ለብ ያለ ውሃ 15 ደቂቃ ያህል ትነከር።